ቦራ ሞተር የተቀየረለት ሰሞን

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሰው ስጠብቅ፣ ከአትክልቱ ወዲያ ሞተር ተነሣ። አንድ ወጣት ቢጫ ቆብ ደፍቶ፣ በትንሽ የሣር ማጨጃ መኪና ላይ ተቀምጦ ወዲያና ወዲህ ይላል። ከድምፁ ይልቅ ሽታው ነው የያዘኝ፤ እርጥብ ሣርና ቤንዚን ሲቀላቀሉ የሚሰጡት፣ ግማሹ ደስ የሚል፣ ግማሹ ራስ የሚያዞር ሽታ። የምጠብቀው ሰው መጥቶ እጁን ሲዘረጋልኝ ልቤ እዚያ አልነበረም፤ ፍኖተ ሰላም ኳስ ሜዳ ዳር፣ አንድ ሽማግሌ በፖሊስ ተይዘው ሲሄዱ እያየሁ ቆሜ ነበር።

ያን ጊዜ መንግሥት ከተለወጠ ከረም ብሏል፤ ሞባይል ግን ገና ከተማችን አልገባም። ሻይ ሃምሳ ሳንቲም ነው፤ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለችው ሻይ ቤት ስኳሩን እንደ ልብ ስለሚያደርጉ ሁሉም እዚያ ይጠጣል። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በሚኒባስ አራት ብር ነው፤ ረዳቱ ደስ ካለው ሦስት። ገበሬው ኮንጎ ጫማና አረንጓዴ ቁምጣ ያደርጋል፤ የከተማው ጎረምሳ ደግሞ ክንዱ ላይ ነጭ መስመር ያለው የስፖርት ጃኬት፣ በበጋም በክረምትም። ዛሬ ስልክ ጥገና የተከፈተባት ማዕዘን ያኔ ካሴት ቤት ነበረች። በዚያ ክረምት አንዲት ዘፈን ከጧት እስከ ማታ ትጮህባት ነበር፤ ግጥሟን ረስቼ የክራሯን መነሻ ብቻ ዛሬም አፏጨዋለሁ። እኔ የሬዲዮ ዘጋቢ ነበርኩ። ዜናዬን ስልክ ቤት ገብቼ፣ ወረፋ ጠብቄ፣ ከኋላዬ የቆመው ሰው ሁሉ እየሰማኝ ነበር የማስተላልፈው። ስለዚህ ከተማው ዜናውን ከሬዲዮ በፊት ያውቀዋል።

መንገድ ሊሠሩ መጥተው ዓመታት የተቀመጡ ፈረንጆች ካምፓቸው ውስጥ ሣር የሚያጭዱበት፣ ሰው ተቀምጦ የሚነዳው አሮጌ ማሽን ነበራቸው። ሲሄዱ ለማዘጋጃ ቤቱ ሰጡት። ቀይ ነው፤ ግንባሩ ላይ ቀለሙ ተልጦ ነጭ ወጥቶበታል፤ ልጆቹ እንደ በሬ ቆጥረው ቦራ አሉት። ቦራ አንድ ክረምት ሜዳውን አጨደ፤ በሁለተኛው ያለ ዘይት ነዱትና ሞተሩ ነከሰ። ፒስተኑ ከውስጥ ተጣብቆ አልላቀቅ አለ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ዶሮ እየሠፈረበት ከማዘጋጃ ቤቱ ጓሮ ቆመ።

የሞተሩ ነገር ድንገት የከተማ ጉዳይ የሆነው በኳስ ምክንያት ነው። በአዲሱ ዓመት መግቢያ ከቡሬ ጋር ግጥሚያ አለን፤ ከዚያ በፊት ሜዳው ለጨዋታ መሆን አለመሆኑን የሚያይ ሰው ይመጣል፤ ሣሩ እንዲህ ሆኖ ካገኘው ጨዋታው ቡሬ ይሄዳል ተባለ። ሣሩ ደግሞ ጉልበት ደርሷል። የቡሬ ሚኒባስ ረዳቶች መናኸሪያ ላይ በር እየደበደቡ፣ "ፍኖተ ሰላሞች! ኳሱን በእረኛ ነው አሉ የምትፈልጉት!" ይሉናል። በማጭድ ይታጨድ ቢባል ወቅቱ የአረም ነው፤ ደቦ የሚወጣ ሰው የለም። ቢገኝም በማጭድ የታጨደ ሜዳ አንዱ ጋ ጉቶ፣ አንዱ ጋ ባዶ መሬት ይሆናል። ያኔ ነው ይበልጣል ሻይ ቤት ውስጥ ተነሥቶ፣ "ቦራን እኔ አስነሣዋለሁ! ሜዳውን እንደ ሙሽራ አገጭ እላጨዋለሁ!" ያለው። ይበልጣል የከተማው መካኒክ ነው። እጁ ጥሩ ነው፤ አፉ ደግሞ ከእጁ ይቀድማል።

ይህን የማይወዱ አንድ ሰው ነበሩ፤ የሜዳው ጥበቃ አያ ምኒችል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋቢያቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው የሚያጣፉ ሰው ናቸው። ደመወዛቸው ትንሽ ስለሆነች ማዘጋጃ ቤቱ ከድሮ ጀምሮ የሜዳውን ሣር ለእሳቸው ትቶላቸዋል። ክረምቱ ሲወጣ አጭደው፣ በሸክም በሸክም አስረው፣ በሬ ለሚያደልቡ ይሸጣሉ፤ የልጆቻቸው የዓመት ልብስ ከዚያ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ሰው ተሰብስቦ ነገሩ ሲወራ አያ ምኒችል ዱላቸውን ተደግፈው ተናገሩ።

"ማጭድ ያጭዳል። ይኼ ግን ያኝካል። አኝኮ የተፋውን የትኛው በሬ ይበላልኛል?"

"ለዘንድሮ ብቻ ነው፣ አያ ምኒችል፤ ከተማው እንዳይዋረድ ነው" አላቸው የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ።

"እንግዲያ እኔ ቆሜ እያየሁ ያ ነገር ሣሬ ላይ አይሄድም" አሉና ሄዱ። የተናደደ ሰው ቃል ነው። ግን ያልሰማው ሰው አልነበረም።

ለቦራ የሚሆን ሞተር የትም የለም። ይበልጣል ግን አሰበበት። የቦራ ሞተር እንደ አዲሶቹ ማጨጃዎች ዘንጉ ወደ ታች የሚወርድ አልነበረም፤ ወደ ጎን የሚወጣ ነው። የመስኖ ውኃ መሳቢያ ሞተርም ዘንጉ ወደ ጎን ነው። ከቡሬ ወረድ ብሎ፣ ፈጣም ወንዝ ዳር፣ በርበሬና ድንች በመስኖ የሚያለሙ እትዬ እናኑ የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት አሉ። ይበልጣል በበጋ ሞተራቸውን ጠግኖላቸዋል፤ በክረምት ደግሞ ውኃው ከሰማይ ስለሚመጣ ሞተሩ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። በሩፋኤል ማግስት አብሬው ሄድኩ። ለዜና ነበር የሄድኩት፤ ዋስ ሆኜ ተመለስኩ።

"ሞተሬ ያለ ዋስ አገር አያቋርጥም" አሉ እትዬ እናኑ። አጠር ያሉ፣ ሲናገሩ አገጫቸውን ወደ ላይ የሚያነሡ ሴት ናቸው።

"ይኼው ጋዜጠኛው ዋሴ ነው" አለ ይበልጣል፣ እኔን ሳይጠይቅ።

"ወሬ አመላላሽ ደግሞ ዋስ ይሆናል?" አሉና ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። "ነገ ወዲያ ማዶ ቢልኩህ ሞተሬን ከማን እቀበላለሁ?"

"እኔ ራሴ ይዤው እመጣለሁ፣ እትዬ።"

"ማል።"

ማልኩ። "በሉ እንግዲህ ውጭ ቆዩኝ፤ ልሰናበተው" ብለው ወደ ሞተሩ ገቡ። እኔና ይበልጣል በር ላይ ሳቅን። ቆየት ብለው ሲወጡ ሞተሩ በጆንያ ተጠቅልሎ ታስሯል፤ እንደ ሕፃን።

እንግዲህ ሥራው ተጀመረ። ሞተር መቀየር ማለት አንዱን አንሥቶ ሌላውን ማስቀመጥ ይመስለኝ ነበር። የድሮው ሞተር ከወጣ በኋላ የአዲሱ እግር ከቡሎኖቹ ቀዳዳ ጋር አልገጠመም። ይበልጣል ወፍራም ላሜራ ቆርጦ፣ በአንድ በኩል ለቦራ፣ በሌላ በኩል ለሞተሩ የሚሆን ቀዳዳ አወጣለት። ዘንጉ ደግሞ ቺንጋው፣ ማለት የጎማ ቀበቶው፣ ከሚዞርበት ፑሌ ቀዳዳ ቀጠነ፤ ብረት የሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት ሄዶ ቀለበት አስቀርጾ አለበሰው። ቺንጋው ቀጥ ብሎ ካልሄደ ይበላል ብሎ፣ በክር እየለካ፣ ላሜራውን ሦስቴ ፈትቶ አሠረ። ከሁሉ የፈራው አዟዟሩን ነበር፤ አዲሱ ሞተር በተቃራኒ የሚዞር ከሆነ ቦራ ወደ ፊት ሲሉት ወደ ኋላ ይሄዳል። እጁን ዘንጉ ላይ አድርጎ የማስነሻውን ገመድ ቀስ ብሎ ሳበው፤ ዞሩ ልክ ነው። ያን ጊዜ ብቻ አፏጨ።

የነዳጁ ታንክ ግን ሞተሩ ላይ እንዳለ የቦራ ክዳን አልዘጋ አለ። ፈትቶ ከነነዳጁ ጥግ አስቀመጠው፤ ኋላ ከወንበሩ በስተጀርባ ሊያስርለት ነው። ለሙከራው ቤንዚን በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ፣ እንደ ጉሉኮስ ከጣሪያው አንጠልጥሎ፣ በቱቦ ለሞተሩ ሰጠው። አንድ ጊዜ ሳበ። ሁለተኛ ሲስብ ሞተሩ ተነሣ። ከሻይ ቤቱ፣ ከካሴት ቤቱ፣ ከየሱቁ ሰው ወጣ፤ አንዷ ሴት እልልታዋን ለቀቀችው። ማምሻውን ቦራን ገፍተን ሜዳ አደረስነው፤ ይበልጣል ታንኩን ከወንበሩ ጀርባ አስሮ፣ ቱቦውን አገናኝቶ፣ አያ ምኒችል ወደሚጠብቁት ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል አስገባው። ቁልፉ የሚያድረው እሳቸው ዘንድ ነው። እሳቸውም በሩን ቆለፉ።

ጧት ሜዳው ዳር ሰው ሞላ። ሜዳ የሚያየው ሰው በማግስቱ ይመጣል። ይበልጣል አዲስ ቱታ ለብሶ ወንበሩ ላይ ወጣ፤ ገመዱ ተሳበ፤ ቦራ ተነሣ። ከጎሉ ተነሥቶ አንድ ቀጭን መስመር፣ እንደተጠረገ መንገድ የጠራ፣ እየላጨ ሄደ። ጭብጨባው ሳያልቅ ሞተሩ አነቀው። ሳል፣ ሳል፣ ከዚያ ጸጥ። ይበልጣል እየሳበ እየሳበ ላብ አጠመቀው። እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ አወጣ፤ ብልጭታ አለው። ነዳጁ ወደ ሞተሩ የሚገባበትን ካርቡሬተር ፈታና በውስጡ ያለውን ከሻይ ቤት ባመጣነው ብርጭቆ ቀዳ። ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አነሣሁት። ከላይ ቢጫ ቤንዚን ነው፤ ከሥር እንደ መስተዋት የጠራ ነገር ተኝቷል።

"ውኃ ነው" አለ ይበልጣል። የታንኩን ቱቦ ነቅሎ ቀዳ፤ ያም ውኃ ነው። ዞር ብሎ ሰው ሁሉ እስኪሰማ ጮኸ።

"አያ ምኒችል፣ ሌሊቱን ቁልፉ ማን ዘንድ ነበር?"

"እኔ ዘንድ።"

"ሌላ ሰው ገብቷል?"

አያ ምኒችል "አዎ" ቢሉ ጥርጣሬው ለሁለት ይከፈል ነበር። "አልገባም" አሉ።

"እንግዲያ ውኃው በእግሩ መጣ?" አለ ይበልጣል። ሰው ሳቀ። ከዚያ ያ እስከ ትናንት ድረስ አንቱ ሲላቸው የኖረው ልጅ ጣቱን ቀሰረባቸው። "አንተ ነህ! አንተ ሸረኛ ሽማግሌ! ለአንድ ሸክም ሣር ብለህ ከተማ አዋረድክ!"

ሳቁ ተቋረጠ። በእኛ አገር ሽማግሌን በአደባባይ አንተ ማለት በጥፊ ከመምታት አይሻልም። አያ ምኒችል "ቤተ ክርስቲያን ወስዳችሁ አስምሉኝ" ብቻ አሉ። ኃላፊው ፖሊስ አስጠራ። ፖሊሱ ክንዳቸውን ሲይዝ፣ "ቆይ በሩን ልዝጋ" ብለው ክፍሉን ቆለፉና ቁልፉን ለራሱ ለፖሊሱ ሰጡት። በየዓመቱ ከሣሩ ለልጆቻቸው ልብስ የሚገዙ ሰው፣ በአንድ ጧት ሥራቸውንም ስማቸውንም ሊያጡ ሄዱ።

እኔ በሰው ፊት አላዝንም፤ ሙያዬም አይፈቅድም። የማውቀውን ግን ቆጠርኩ። ትናንት ሞተሩ የሠራው በጠርሙሱ ቤንዚን ነው። የጧቷን መስመርም ያጨደው ካርቡሬተሩ ውስጥ በቀረችው በዚያው ነው። ታንኩ ውስጥ ምን እንዳለ ከቡሬ ከመጣ ወዲህ ከፍቶ ያየ የለም። እንግዲያ ውኃው ትናንት ማታ ገባ ያለው ማነው? ይህን ለይበልጣል ብነግረው፣ "ዋስ ነህ እንጂ ዳኛ አይደለህም" አለኝ። ዋስነቴን ካስታወሰኝ ዘንዳ የሞተሩን ባለቤት ልጠይቅ ብዬ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። ረዳቱ በመንገድ ላይ፣ "ሣራችሁን ጨርሳችሁ ልትበሉት ነው እንዴ?" ሲለኝ ሒሳቡን ሰጥቼው ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

እትዬ እናኑን ከበርበሬ ማሳቸው ዳር አገኘኋቸው።

"ሞተሬን ገደላችሁት?"

"አልሞተም፣ እትዬ። ታንኩ ውስጥ ውኃ ተገኘ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ አንድ ሰው ታሥረዋል። ጨመሩ ተብለው።"

አገጫቸው ቀስ ብሎ ወረደ። "ውኃ አይደለም" አሉ። "የሩፋኤል ጠበል ነው።"

ጳጉሜን ሦስት ቀን የሚዘንበው ዝናብ ጠበል ነው ብሎ የማይታጠብበት ሰው በአገራችን የለም። እሳቸው ሙሉ ማሰሮ አስቀምጠውለታል። ሞተሩ ወደ ሰው ከተማ ሊሄድ፣ አደባባይ ወጥቶ ሊታይ ነው፤ ዓይን ይበላዋል ብለው ፈሩ። ከውጭ ረጩት፤ ከዚያ፣ "ሆዱም ይባረክ" ብለው ክዳኑን ከፍተው አንድ ጣሳ ጨመሩለት።

"እትዬ፣ ሞተር ላይ ውኃ?"

"አንተ ልጅ! ዕድሜውን ሙሉ ውኃ ሲጎትት የኖረ ነገር ውኃ ይጠላል ብዬ እንዴት ላስብ?" አሉ፤ ተቆጥተው ነው። ወዲያው ነጠላቸውን አነሡ። "ተነሥ። ሰው በእኔ ጠበል አይታሠርም።"

ፖሊስ ጣቢያው ስንደርስ አያ ምኒችል አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ ይበልጣል ቃሉን ሊሰጥ ቆሟል። እትዬ እናኑ ፖሊሱን እንኳ ሳያዩት፣ "እሳቸውን ልቀቁ፤ ያደረግሁት እኔ ነኝ" አሉ። ከዚያ ነገሩን ከሩፋኤል ዝናብ ጀምረው፣ አንድም ሳያጎድሉ ተናገሩ። ፖሊሱ ሊስቅ ፈልጎ ማተቡን ነካና ተወው። ይበልጣል መሬት መሬት አየ። አያ ምኒችል ተነሥተው ለእትዬ እናኑ እጅ ነሡ፤ "እግዜር ይስጥዎ" አሉና ይበልጣልን ሳያዩት ወጡ።

ታንኩ ታጠበ፤ ሜዳው በዚያው ቀን ታጨደ፤ የመጣው ሰውዬ ዞር ዞር ብሎ አይቶ "ይሆናል" ብሎ ሄደ። ከተማው ተደሰተ። ይበልጣል ግን አላፏጨም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔንና አንድ የሰፈር ሽማግሌ ለምኖ፣ በአገሩ ደንብ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ አያ ምኒችል ደጅ ሄደ። ደንቡ ይህ ነው፤ ያጠፋ ሰው ድንጋዩን ተሸክሞ ያጎነብሳል፤ የተበደለው "ይቅር ለእግዚአብሔር" ካለ ድንጋዩ ይጣላል። አያ ምኒችል ወጥተው ደጃቸው ላይ ቆሙ።

"ሸረኛ ያልከኝ የት ነው?"

"ሜዳው ላይ" አለ ይበልጣል፣ እንዳጎነበሰ።

"ማን ሰማ?"

"ሰው ሁሉ።"

"እዚህስ ማን አለ?" አሉ። ዙሪያችንን አየን፤ እኔ፣ ሽማግሌውና አንዲት ዶሮ ነን። "ያፈሰስከው እዚያ ነው። ልቀመውም እዚያ" ብለው ገቡ።

ይበልጣል መንገዱ መታጠፊያ ሲደርስ ድንጋዩን ወረወረው። "ነገ? ቡሬዎች ፊት? ሞቼ ልገኝ!" አለ። አንድ ነገር ብቻ ገባኝ፤ ይህ ካልሆነ አያ ምኒችል በዚያ ሜዳ ላይ ዳግመኛ ቀና ብለው አይቆሙም። ሰው ነጻ ወጡ ይላል እንጂ፣ ያን ጧት የሰማውን ስድብ ጆሮው ውስጥ እንደያዘ ነው።

እሑድ ሜዳው ዙሪያውን በሰው ታጥሯል። ቡሬዎች በጭነት መኪና ሆነው እየዘፈኑ መጥተዋል። አያ ምኒችል እንደ ወትሯቸው ማዕዘኑ ላይ ዱላቸውን ይዘው፣ ዓይናቸውን ሣሩ ላይ ተክለው ቆመዋል። ይበልጣልን በዓይኔ ፈለግሁት፤ የለም። ተጫዋቾቹ ገቡ፤ ዳኛው ሰዓቱን አየ። እኔም አበቃ አልኩ።

በመግቢያው በኩል ሰው መከፈት ጀመረ። ይበልጣል ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ከትናንቱ የሚበልጥ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ በሁለት እጁ ደግፎ መጣ። የቡሬ ጎረምሶች በሳቅ ፈረሱ፤ "ኧረ ኳሱ ይኼ ነው እንዴ? በዚህ ነው የምትጫወቱት?" ከዚያ ከመካከላቸው አንድ ትልቅ ሰው፣ "ዝም በሉ! ዕርቅ ነው" ሲል ተሰማ፤ ዝምታው ከቡሬዎች ጀምሮ ሜዳውን ዞረው። ይበልጣል መሐል ሜዳ ደርሶ አጎነበሰ።

"አያ ምኒችል!" ብሎ ተጣራ። "አንቱን ሸረኛ ያልኩት እዚህ ነው። ሸረኛ አይደሉም። የደፈርኩ እኔ ነኝ። ስለ ሩፋኤል ይማሩኝ!"

አያ ምኒችል ወዲያው አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ ዱላቸውን አጠገባቸው ለቆመ ሰው ሰጥተው፣ በራሳቸው አረማመድ፣ ሳይቸኩሉ መሐል ድረስ ሄዱ። ዳር እስኪሰማ፣ "ይቅር ለእግዚአብሔር" አሉ። ድንጋዩን በእጃቸው ከማጅራቱ ላይ አነሡለት። ይበልጣል ቀና ብሎ ተቀብሏቸው እንደ ደንቡ ሊጥለው እጁን ሲዘረጋ ከለከሉት።

"ተው፤ እዚህ አይጣልም። ልጆቹ ይሰናከሉበታል።"

ድንጋዩን ደረታቸው ላይ አቅፈው ከሜዳው ይዘውት ወጡ። ሰው መንገድ እየለቀቀላቸው አለፉ። ዳኛው ፊሽካውን አፉ ላይ እንዳደረገ፣ አያ ምኒችል መስመሩን እስኪያልፉ ጠበቃቸው።